ለመስታወት ያበራው መብራት

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ሰላምታዬ እንደ ናፍቆቴ ብዛት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? በዚያ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ አንሶላ ስታጥፊ እየታየኝ፣ እዚህ ተቀምጬ የምሰፋው እኔ ወገቤን ያመኛል። ባለቤትሽስ ደህና ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀው ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ መኪና ያስለዋል? ትንሿ ልጅሽስ? ባለፈው በስልክ ስትስቅ ብሰማት ቁርጥ ያንቺን ሳቅ ነው የወረሰችው፤ ምስኪን ጎረቤቶቻችሁ፣ ገና ብዙ ይሰማሉ። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት እንደዚያው ነው፤ ደረጃውን እየረገመች ትወርዳለች፣ እየረገመች ትወጣለች። እኔም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሥራ በዝቶልኝ ከስፌት መኪናዬ ላይ አልነሳም። አባዬም ደህና ነው፤ ማለቴ ጤናው ደህና ነው።

ደህና ነን ያልኩሽ እንግዲህ ሦስታችንን ነው። ችኩሌ ደህና አይደለችም።

አትጩሂ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ። በጠየቅሽን ቁጥር ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ ትንሽ ሰነፍ ሆናለች እንጂ ምንም አልሆነችም ስንልሽ የከረምነው ውሸት ነው። ሩቅ አገር ላለ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ምን ያደርግለታል፣ ሥራዋ ላይ ሆና ታለቅሳለች ብለን ነው። በልጅነትሽ ከአሸዋ ክምር ሥር አግኝተሽ በቀሚስሽ ታቅፈሽ ያመጣሻት፣ ስም ጠፍቶ ችኩሌ ብለሽ ሰፈሩን ያሳቅሽባት ኤሊሽ፣ አሁን ይህን ስጽፍልሽ እግሬ ሥር ሳጥኗ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። ሰላጣ ከአፍንጫዋ ሥር አድርጌላታለሁ። ዘወር ብላም አላየችው።

በመጨረሻ ስትደውዪ፣ የላክሁት መብራት የማይረባ ከሆነ ምን ዓይነት ልግዛላት፣ አባዬን ጠይቂና ንገሪኝ ብለሽኝ ነበር። አባዬ ደግሞ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ያንን ዓይነት እንዳትደግሚው፣ ቆሻሻ ነው፣ ፈረንጅ ያታለለሽ ዕቃ ነው፣ ደህና ነገር ፈልጊ አለሽ። እሺ ብቻ ብለሽ ስልኩን ዘጋሽ። ለዚያ መብራት ከሥራ ወጥተሽ በድካምሽ ላይ ሱቅ ለሱቅ መንከራተትሽን አውቃለሁና ያ እሺታሽ እስካሁን አልወጣልኝም። ይኸው ይህ ደብዳቤ የጥያቄሽ መልስ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ቤታችንን ታውቂዋለሽ፣ አንዱ ሲያወራ ሦስታችንም የምንሰማበት ቤት ስለሆነ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ እዚህ ሕንፃ ላይ የምትኖረው፣ ዕቃ ልትነግድ እየተመላለሰች ስለማታርፍ ሻንጣ የምንላት ሴት ናት። ሰው ናት፣ እመኛት። ስትመለስ የምትሰጫትን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

ወደዚህ አራተኛ ፎቅ ከገባን ወዲህ ችኩሌ መሬት የረገጠችበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። የድሮው ቤታችን ጠባብ ነበር ብትይም ግቢው ፀሐይ ነበረው፤ ከግድግዳው ሥር ተዘርግታ ስትሞቅ ትውል አልነበር? እዚህ ግን ግቢ ማለት የመኪና ማቆሚያ ነው። ገና በገባን ሰሞን ከታች ስናንሸራሽራት አንዱ ጎረቤት መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ ሊደፈጥጣት ሲል ለጥቂት ነው የተረፈችው። አባዬ ጮኸበት። ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? ድንጋይ መስላኝ ነው አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባዬ ደግሜ አላወርዳትም፣ አደራ ናት፣ ልጄ ስትመጣ ምን ብዬ ዓይኗን ላያት ነው ብሎ ከአሮጌው አልጋ ጣውላ ሳጥን ሠርቶላት ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጣት። ከመስኮቱ የሚገባውን ፀሐይ እያየን ይበቃታል ብለን ነበር። እየቀዘቀዘች መጣች። ያኔ ነው አንቺ ሰው ጠይቀሽ፣ ቤት ውስጥ ለሚኖር እንዲህ ላለ እንስሳ የተሠራ መብራት አለ ብለሽ የላክሽው።

እታለም፣ የዚያን ዕለት አባዬን ብታዪው! እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ለሥራ የጠራው ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያበራ የኖረ ሰው፣ አሁን የደረጃው አምፖል ሲቃጠል እንኳ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ነው የሚጠሩት፤ እሱም በሩ ሥር ቆሞ ኮቴያቸውን ያዳምጣል። መብራትሽ ሲመጣ የመሣሪያ ቦርሳውን ከአልጋ ሥር አወጣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ያንን ኪሱ የተቀደደ የሥራ ካፖርቱን ለበሰ። እማዬ ሙሽራው መጣ ብላ እልል አለችበት። በስልክ እንደነገርሽው ከጀርባዋ በላይ በክንድ ርቀት ሰቀለው። ገመዱን በግድግዳው ጥግ እንደ ሐር ክር ቀጥ አድርጎ አወረደው፤ እኔ እንኳ በስንት ዓመት ስፌቴ እንደዚያ ያለ ቀጥ ያለ መስመር አላወጣሁም። ማብሪያና ማጥፊያውንም በሩ አጠገብ አደረገላት። በመጨረሻም መስታወት ቆራጩ ዘንድ ሄዶ ልክ በልኩ አስቆርጦ፣ ጠርዙን አስሞርዶ፣ ከመብራቱ ሥር በብሎን አጥብቆ ከደነው።

የሊጡን ታሪክ መቼም አትረሺውም። ወጣት ሳለ ዳቦ ቤት ውስጥ ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል ፈንድቶ ሊጡ ውስጥ ተበተነና የቀኑ ሊጥ ሁሉ ተደፋ፤ ባለ ዳቦ ቤቱም አባዬን በዱላ ሲያባርረው እስከ አደባባይ አደረሰው። ከዚያ ወዲህ አባዬ ክዳን የሌለው መብራት ሰቅሎ አያውቅም። መጸዳጃ ቤታችን ያለው አምፖል እንኳ ክዳን አለው። መስታወቱን ሲያጠብቅ ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረን፣ እኛም እንደ አዲስ ሳቅንለት። አንቺ መስታወት አታድርጉበት አላልሽም፤ ማንስ ያስበዋል? እኛም አልጠየቅንሽም።

ከዚያማ ቤታችን መጎብኛ ሆነ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር አባዬ መብራቱን አጥፍቶ ያበራል፤ ፀሐይን በደረጃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣኋት እኔ ነኝ እያለ ይኮራል። ጠዋት እሱ ሲያበራ ለችኩሌ ነጋ፣ ምሽት ሲያጠፋ መሸ። በየቀኑ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ጨርቁንም ከእኔ ቁርጥራጭ ውስጥ ለስላሳውን መርጦ ነው የሚወስደው። ያንቺን ስም ባያነሳም፣ ኤሊዋን ደህና አደርሽ ሲላት ድምፁ አንቺን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኝሽ የነበረው ድምፅ ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ምንም አላውቅም ነበር። ስለ ክር ጠይቁኝ እንጂ ስለ ብርሃን ምን አውቃለሁ!

ዓመት ሊሞላው ሲል የቅርፊቷ ጠርዝ ለስላሳ ሆነ። በጣትሽ ስትጫኚው እንደ ረጠበ ካርቶን ይሰረጉዳል። ከዚያ የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት፣ ዓይኖቿ አበጡ፣ ምግብ ተወች። አባዬ ብርሃን አንሷት ይሆናል ብሎ ትልቅ አምፖል ጨመረላት፤ እሱንም ከደነው። ሳጥኑ የፎቶ ቤት መሰለ፤ እሷ ጭንቅላቷን ከተተችና ቀረች። በዝቶባት ይሆናል ብሎ ደግሞ አወጣው። ሳጥኗን ወደዚህ ገፋ፣ ወደዚያ መለሰ፣ መስታወቱን በቀን አንዴ የሚወለውለው ሁለቴ ማድረግ ጀመረ። እኔ ተዋት፣ አረፍ ትበል ስለው ይቆጣኛል፤ እማዬ እርጅና ነው ስትለው ይብስ ይቆጣል። በመጨረሻ ሁሉንም ሞክሮ ሲያልቅበት ጥፋቱን መብራትሽ ላይ ጣለው። ሌላ የሚጥልበት አልነበረውማ። ስልኩን ከእጄ የነጠቀው በዚያ ሰሞን ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አፏን ከፍታ ስትተነፍስ አይቼ፣ አባዬ ወደደም ጠላ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ እንወስዳታለን አልኩ። ሳጥኗን ታቅፎ እሱ ራሱ ይዟት ሄደ፤ እኔ ልያዝልህ ብለው አሻፈረኝ አለ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ሲያያት አዋቂ ለመምሰል አልሞከረም፣ እናንተ ላም ብታመጡልኝ በተሻለኝ፣ ኤሊ አክሜ አላውቅም አለን። ወደድኩት። አስተማሪው ዘንድ ደወለና እዚያ እየጠየቀ እዚህ እኛን ይጠይቅ ጀመር። ምን ትበላለች? የት ትውላለች? ምን ዓይነት ብርሃን ታገኛለች?

ብርሃን ሲባል አባዬ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ልጄ ከውጭ የላከችው ነው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፣ የሰቀልኩት እኔ ነኝ አለ። ያ ቆሻሻ ሲለው የነበረው መብራት ሰው ፊት ሲሆን የልጁ መብራት ሆነ፤ ሳቄ መጣ። ሐኪሙ ይህን ለአስተማሪው ነገረና፣ አባት፣ በመብራቱና በእሷ መሀል የሚጋርድ ነገር ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀው። አባዬ ሳቀ። እንዴ ልጄ፣ መስታወት አለው እንጂ፣ ያለ መስታወት መብራት ይሰቀላል እንዴ ብሎ የሊጡን ታሪክ ጀመረለት። ሐኪሙ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አላቋረጠውም። እስከ አደባባዩ ድረስ አስጨረሰው።

ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረን። ይህች እንስሳ ከፀሐይ የምትፈልገው ብርሃኑንና ሙቀቱን ብቻ አይደለም አለን። በዓይን የማይታይ ጨረር አለ፤ አጥንቷም ቅርፊቷም የሚጠነክረው በእሱ ነው፤ ያንቺ መብራትም የተሠራው እሱን እንዲሰጣት ነው። መስታወት ግን የሚታየውን ብርሃን ያሳልፍና የማይታየውን ያስቀረዋል። የመስኮቱም መስታወት እንደዚያው ነው። አባዬ፣ ጥርት ያለ መስታወት ነው እኮ፣ በየቀኑ እወለውለዋለሁ አለ። ሐኪሙም ፊቱን ማየት አቅቶት ዓይኑን ወደ ኤሊዋ መለሰ፤ ቢወለወልም ያው ነው አባት አለው።

ሌላም ነገር ነገረን። መብራቱ እየበራ ቢታይም ያ ጨረሩ ግን በዓመት ገደማ እየደከመ ያልቃል፣ በአዲስ መተካት አለበት አለ። እንግዲህ አስቢው፤ ያ አንቺ ሱቅ ለሱቅ ዞረሽ ያገኘሽው መብራት ዓመቱን ሙሉ ለመስታወት ሲያበራ ኖሮ፣ መስታወቱ ሲነሳለት እሱ ጨርሷል። ጠብታ መድኃኒት ሰጠንና መብላት ከጀመረች ተስፋ አላት፣ የተጣመመው ቅርፊት ግን አይቃናም፣ ካልበላች ደግሞ ምንም ቃል አልገባላችሁም አለን። ስንመለስ አባዬ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሹፌሩ እንደዚያ እያንገጫገጨን ሲነዳ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጣውም፤ ያኔ ነው በጣም የፈራሁት።

ቤት እንደገባን ካቻቪቴውን አንስቶ ወንበር ላይ ወጣ። ልርዳህ ብለው ዘወር በይ አለኝ። ካቻቪቴው ከብሎኑ ራስ ላይ ይንሸራተታል፣ ይመልሰዋል፣ ይንሸራተታል። ወንበሩን ግራና ቀኝ ይዤ ከመቆም በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ጨርቅ ቢሆን ተርትሬ እንደገና እሰፋው ነበር፤ ይህንን ግን ከየት ጀምሬ ልተርትረው? ብሎኖቹ አንድ በአንድ ወደ ስፌት መኪናዬ ሥር ተንከባለሉ። መስታወቱን አውርዶ እንደ ልማዱ ወለወለውና፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። ያበቃ መስሎኝ ነበር። ወንበሩን እየጎተተ ወደ ወጥ ቤት ሄደ፣ የወጥ ቤቱን ክዳን ፈታ። ከዚያ የመኝታ ቤቱን። ከዚያ የመጸዳጃ ቤቱን። እማዬ ምነው ሰውዬ፣ የወጥ ቤቱ ደግሞ ምን በደለህ ብትለው፣ ምን ሲከለክል እንደኖረ በምን አውቃለሁ አላት። እማዬም ሄዳ ወንበሩን ያዘችለት።

አሁን ቤታችን ውስጥ ያለው አምፖል ሁሉ ራቁቱን ነው። ዓይናችን ያለቅሳል፤ እኔ መርፌ ስሰካ ግንባሬን ጨርቅ አስሬ ነው። መስኮቱንም ይከፍተዋል፤ ስንከፍተው ብርዱ ይገባባታል፣ ስንዘጋው የማይታየው ነገር ደጅ ይቀርባታል፤ አባዬ እየከፈተ እየዘጋ እጁን መስኮቱ ላይ አድርጎ ይውላል። ሐኪሙ ከመብራት ሁሉ የሚሻለው እውነተኛው ፀሐይ ነው ስላለው ደግሞ፣ ያ አላወርዳትም ያለው ሰው አሁን ጠዋት ጠዋት በደረጃው ያወርዳታል። ግን ክረምት ነው እታለም፤ ሰማዩ ከተዘጋ ሰነበተ። ከላይ ሆኜ አየዋለሁ፤ ከመኪኖቹ መሀል በርጩማ ላይ ሳጥኑን ታቅፎ ቁጭ ብሎ፣ ጃንጥላውን አጥፎ፣ ወደ ላይ ያያል። ደመናው ሳሳ ሲል የሳጥኑን ክዳን ገለጥ ያደርጋል። ሲጠቁር መልሶ ይከድናል። ያ ሊደፈጥጣት የነበረው ጎረቤት መኪናውን ራቅ አድርጎ ማቆም ጀምሯል። ወርጄ ና ግባ፣ በረደህ እለዋለሁ፤ ትንሽ ቆይ፣ ሊወጣ ነው ይለኛል። ፀሐይዋን ጎትቼ አላወጣለት ነገር! ተመልሼ ወጥቼ ዩኒፎርሜን እሰፋለሁ፤ ምን ላድርግ?

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሱ ይህ ነው። ሌላ ዓይነት አትፈልጊ፤ ሱቅ ለሱቅ መዞርሽም ይብቃ። ያንኑ፣ መጀመሪያ የላክሽውን ዓይነት ነው የምትገዢው። በልብስ መሀል ጠቅልለሽ ለሻንጣ ስጫት፤ ጫና ሳታበዢበት፣ በእጇ እንድትይዘው ንገሪያት። እስኪደርስ ድረስ ችኩሌ ትጠብቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ተስፋ ልሰጥሽ ብዬ ዳግመኛ አልዋሽሽም። ትናንት አባዬ ከደጅ ሲመለስ አንድ ዓይኗን ገለጠችልኝ አለ። እማዬ ለእሱ ታይቶት ነው ትላለች። እኔ ብዙ አየኋት፣ አልገለጠችም። ግን አዎ፣ እኔም አይቻለሁ አልኩት። ለእሱ ብቻ ነው የዋሸሁት፤ ለአንቺ አይደለም።

አንድ ነገር ለምኜሻለሁ። ስትደውዪ ስለ መስታወቱ አታንሺበት። ደህና ናት ወይ ብለሽ እንደ ድሮው ጠይቂው፤ የሚመልስልሽን እሱ ይወቅ። ያ የተቀየምሽው ነገር ካለም፣ ከእኔ ጋር ተቀያየሚ፤ እኔ እችለዋለሁ።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች፤ ልጅቷን ደግሞ እስክትጮህ ሳሚልኝ ብላለች። ያን የሠራችልሽን የሱፍ ሹራብ ብርድ ሲሆን ልበሽ፣ ለጌጥ አይደለም ብላለች። ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ፤ ጉንፋኑን ይጨርሰው። የታችኛው ፎቅ ጸጉር ሠሪዋ፣ ዛሬም ስላንቺ ጸጉር የምታወራው፣ ሰላም ብላሻለች። እኔም እህትሽ ልክሽን ሳልረሳ አንድ ቀሚስ ጀምሬልሻለሁ፤ ከከሳሽ ግን ወዮልሽ።

አባዬ ሰላምታ አልላከም። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ታቅፎ ሲወጣ፣ ለእሷ ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልህ አልኩት። ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው አለኝ። ሁሉንም አልኩት። በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ኮቴው አንድ ፎቅ ያህል ወረደና ቆመ። ከዚያ ያንን ሳጥን እንደታቀፈ ያንን ደረጃ እንደገና ወጣው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሩን በትከሻው ገፋ አድርጎ፣ ወደ እኔም ሳያይ፣ መብራቱ ጥሩ ነበር በያት አለኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከአራተኛው ፎቅ፣ ከስፌት መኪናዬ ላይ
ማክሰኞ፣ በክረምቱ እኩሌታ